ከጠበል ጠዲቅ በቀር ምንም አልቀመሰም

ባለፈው ሰሞን ልጄ የልጅ ልጄን የደረት ራጅ በስልክ ላከችልኝ። ልጁን ሳል ቢጤ ይዞት ሐኪም ቤት ወስዳው ነው። ምስሉን በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ፣ አጉልቼም አሳንሼም አየሁት። እውነቱን ለመናገር እኛ በዘመናችን ካነሳነው ሁሉ ይበልጥ የጠራ ነው። ግን ምንም አይሸትም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል ሥር ፊልም እያጠብኩ ነው። የማጠቢያው ሽታ ከእጄ ስለማይለቅ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰውዬ ራጅ ነው የምታነሳው ወይስ ኮምጣጤ ነው የምትነግደው?" ትለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ደህና ነው። ልቡ በቦታዋ ናት፤ ሁለቱም ሳንባዎቹ እኩል ጠቁረዋል፤ በራጅ ላይ ጥቁር ማለት አየር ማለት ነው። እፎይ ብዬ ልጄ ጋ ደወልኩና መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ራጁ አልነበረም። "ሳሉ ሳይጀምረው በፊት በእጁ ምን ይዞ ነበር?" አልኳት። "አባዬ ደግሞ፣ ጉንፋን ነው እኮ" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ከድሮ አለቃዬ ከዶክተር ጥሩወርቅ የወረስኩት ነው። እሳቸውም ብዙ ዋጋ ከፍለውበታል።

በራጅ ቴክኒሺያንነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ደብረ ማርቆስ ነበር። እዚያ የማነሳው በአብዛኛው አጥንት ነው፤ ከበቅሎ የወደቀ፣ በዱላ የተመታ፣ ዛፍ የጣለው። አጥንት ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ አስተካክለህ ካስቀመጥከው ዝም ብሎ ይነሳልሃል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩና ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ወደነበረ የሕፃናት ክሊኒክ ተላክሁ። ክሊኒኩ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ጊዜው ደርግ የነበረበት ነው፤ ደመወዛችን ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ስብሰባችን ደግሞ አይቆምም። ማክሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረን። አስተዳዳሪያችን ጓድ በየነ "ያለ ምክንያት ውጤት የለም" የሚለውን ትምህርት ደጋግመው ያስረዱናል፤ እኛም በየተራ እናንቀላፋለን።

ሕፃን ራጅ ማንሳት ከአጥንቱ ሥራ ጋር አይገናኝም። ትልቅ ሰው "አየር ሳብ፣ ያዝ" ስትለው ይይዛል። ሕፃን ግን አንተን፣ መሣሪያውን፣ ነጩን ጋወን ሁሉ አይቶ ይጮኻል። ስለዚህ ጩኸቱን ማጥናት አለብህ። ልጅ ሲያለቅስ ያለ የሌለ አየሩን ያወጣል፤ ለአንድ አፍታ ጭጭ ይላል፤ ከዚያ በረጅሙ ይስባል። ቁልፉን የምጫነው ስቦ ሲሞላ ነው። እናትየዋ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ሁለት እጁን ወደ ላይ ትይዝልኛለች፤ እኔ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ከተሳሳትኩ ፊልሙ ባከነ ማለት ነው። ፊልም ደግሞ እንደ ቀበሌ ሱቅ ስኳር በራሽን ነበር። ለአንድ ልጅ አንድ ፊልም ብቻ እንዲነሳ ጓድ በየነ መመሪያ አውጥተው ነበር። ፊልም ያባከነ ሰው በአሻጥር ሊጠረጠር እንደሚችል ቀለል አድርገው፣ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ዶክተር ጥሩወርቅ የክሊኒኩ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። አጭር፣ ቁጡ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሴትዮ ናቸው። የታመመ ልጅ ሲመጣላቸው ቶሎ አይነኩትም። ዱካቸውን ስበው ከእናትየው ፊት ይቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው የልጁን ደረት ብቻ ያያሉ። አንዱ ጎን ከሌላው ዘግይቶ ይነሳ እንደሆነ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ይሰረጉድ እንደሆነ። ማዳመጫቸውን በብብታቸው ያሞቁታል፤ "ቀዝቃዛ ብረት የነካው ልጅ የሚያሰማህ ንዴቱን እንጂ ሳንባውን አይደለም" ይላሉ። ፊልም ሲሰጣቸው ደግሞ መስኮት ላይ ይለጥፉትና ከጠርዙ ጀምረው ያነባሉ፤ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንቱን፣ ሆዱን፣ ሳንባውን በመጨረሻ። እኔ እየተንቀዠቀዥኩ ጥፋቱ ወዳለበት ጣቴን ስሰድ እጄን መታ ያደርጉኛል።

እዚያ ከመምጣቴ በፊት የልጅ ሳንባ ሊሟሽሽ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ለእኔ ፊልሙ ላይ የነጣ ሁሉ ሳንባ ምች ነው። አንድ ቀን ዶክተር ይህን ሰምተው ተናደዱና ወደ በሩ ወሰዱኝ። የክሊኒኩ ተላላኪ ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማ ያበጃል። የጎማውን ካላማዳሪ ከእጁ ነጠቁትና እንዲህ አሉኝ፤

"ይሄ ለምን ሟሸሸ ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ሦስት ነው። ወይ ቫልቮላው ተደፍኖ አየር አልገባም፤ ወይ ሰው ቆሞበታል፤ ወይ ሚስማር ወግቶታል። የልጅም ሳንባ ከዚህ አይወጣም።"

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ትክትክ ወይም ኩፍኝ የያዘው ልጅ አክታው ይወፍርና የአየር ቱቦውን ይወትፈዋል፤ በጨቅላነቱ ቅቤ የሚያስውጡትም ልጅ ቅቤው ወደ ሳንባው ሊወርድበት ይችላል። የቲቢ እጢ ሲያብጥ ደግሞ ቱቦውን ከውጭ ይጫነዋል። ክፉ የሳንባ ምች ሳንባውን ከበሳው አየሩ ወደ ደረት ያመልጥና መልሶ ሳንባውን ያፍነዋል። ትልቅ ሰው ስሎ በሚተርፍበት ሕመም ትንሹ ልጅ የሚሞተው፣ ቱቦው ከስንዴ አገዳ ብዙም ስለማይሰፋ ነው። ፊልም ላይ ምክንያቱን የምትጠቁመው ልብ ናት። በምች ጊዜ ልብ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ቱቦው ተደፍኖ ሳንባው ሲሟሽሽ ባዶውን ልትሞላ ወደዚያው ትሳባለች። አየር አምልጦ ከሆነ ደግሞ ተገፍታ ወደ ማዶ ትሄዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም ሳወጣ መጀመሪያ የምፈልገው ልብን ሆነ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው እንግዲህ ታምራት ያመለጠን።

ግንቦት ልደታ በዋለ ሰሞን ነው። ልደታ ሰፈር ውስጥ ያ ቀን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ለጎረቤቱም ለአላፊ አግዳሚውም በእፍኝ በእፍኝ ያድላል። ከበዓሉ በኋላ በላይነሽ የምትባል ወጣት እናት፣ ገና በቅጡ መናገር ያልጀመረ ልጇን ታምራትን አዝላ መጣች። ባሏ ሰሜን ዘምቷል። አብረዋት የመጡት አማቷ እማማ ደስታ ናቸው። ልጁ ይስላል፣ ትንሽ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው፤ ሌላው ደህና ነው፤ እንዲያውም የዶክተርን ብዕር ሊቀማ ይታገላል።

እንደ ልማዴ ስቦ ሲሞላ ጠብቄ አነሳሁት። ፊልሙ ንጹሕ ነበር። ዶክተር ካዩት በኋላ ወደ እማማ ደስታ ዞረው የበላው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

"ምን ይበላል ብለው ነው" አሉ እማማ ደስታ። "ሆዱ ተዘግቷል። ከእመቤቴ ጠበል ጠዲቅ በቀር ምንም አልቀመሰም።"

"ረድኤቷ ይደርብን" አሉ ዶክተር። በሩ ላይ የቆምኩት እኔም አሜን አልኩ። የሳል ሽሮፕ ታዘዘለትና ሄዱ።

ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ልጁ በትኩሳት ይነድዳል። ብዕርም አልፈለገም። አነሳሁትና ፊልሙን ገና ከውኃው ሳወጣው ታየኝ፤ የቀኙ ሳንባ ከላይ እስከ ታች ነጥቷል፣ ልብ ወደ ቀኝ ተስባለች። ዶክተር መስኮቱ ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። "ተደፍኗል" አሉ። "በምን?" በሰፈሩ ኩፍኝ ገብቶ ስለነበር አክታ ነው ብለው አሰቡ። ፔኒሲሊን ጀመሩለት፤ ደፍተው ጀርባውን በመዳፋቸው እየመቱ አክታውን ሊያወጡ ሞከሩ፤ ቱቦ በጉሮሮ አስገብቶ የሚያይ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታልም አልጋ ጠየቁለት። አልጋው ከመገኘቱ በፊት ታምራት በእናቱ እቅፍ እያለ አረፈ። እናትየዋ አልጮኸችም። ጩኸቱን የጮኹት እማማ ደስታ ናቸው፤ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ልጅ ከሞተባቸው ቤቶች ሁሉ ወደ ክሊኒኩ ተመልሳ የመጣች እናት በላይነሽን ብቻ ነው የማውቀው። ጥቁሯን እንደለበሰች አንድ ከሰዓት መጣች። እኔ ፊልም ላሳያቸው ዶክተር ክፍል ነበርኩ፤ ልወጣ ስል እሷ ራሷ ይቆይ ብላ በእጇ አስቀረችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ አስመትታው ነው እንደሚላት፣ አንዳንዷም ዓይን ነው እንደምትል፣ ባሏ ሊመለስ መሆኑን የሚገልጽ ወሬ እንደደረሳት ነገረችን።

"መጥቶ ልጄን ምን ገደለብኝ ሲለኝ ምን ልበለው? ብርድ ነው ካሉኝ ብርድ ነው እለዋለሁ። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።"

ዶክተር ዱካቸውን ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ያንን ጥያቄ መጀመሪያ ሲጠይቁ የሰማሁት። የበላውን አልጠየቋትም። ሳሉ ሳይጀምረው በፊት የት እንደነበር፣ ምን እያደረገ እንደነበር፣ በእጁ ምን ይዞ እንደነበር ነው የጠየቋት። በላይነሽ ዓይኗን ጨፍና ቀኑን አስታወሰች። ደጅ ላይ፣ አያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነበር አለች። እማማ ደስታ ንፍሮውን አንድ በአንድ እያጎረሱት፣ አንዱ ጎረቤት ሲያጫውተው ሳቀ። ሲስቅ ትን አለው፤ ፊቱ ሁሉ ጠቆረ። ጀርባውን መቱለት፣ ሳለ፣ ሳለና ተወው። እመቤቴ አተረፈችው ብለው ደጅ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደህና ሆነ። ተጫወተ፣ ተኛም። ሳሉ የመጣው በኋላ ነው።"

እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር። ሽምብራው ቱቦው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ክፍተት ስለነበረው ፊልሙ ንጹሕ መሰለ፤ ቱቦው ዙሪያውን ሲቆጣና ሲያብጥ ግን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፣ ሳንባው ሟሸሸ፣ ከዚያ መግል ያዘ። በላይነሽም የሁለታችንን ፊት ታያለች።

"ንፍሮው ነው?" አለች።

"አዎን ልጄ፣ ሳይሆን አይቀርም" አሉ ዶክተር። "ግን ለባልሽ ስትነግሪው እንዲህ ብለሽ ንገሪው። አማትሽ አልደበቁኝም። ከጠበል ጠዲቅ በቀር ብለው በአፋቸው ነግረውኛል። እኔ ነኝ ሰምቼ ያልሰማሁት። የተማረው ጆሮዬ ሳይሆን ክርስትና የተነሳሁበት ጆሮዬ ነው የሰማቸው። ጥፋቱን በስሜ ንገሪው፤ ከፈለገ ይምጣ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።"

"እማማስ? በገዛ እጃቸው ነው ያጎረሱት። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?"

"ንገሪያቸውም አትንገሪያቸውም ማለት አልችልም። እኔ የሚያስፈራኝ የሚመጣው ግንቦት ነው።"

በላይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ዶክተር በዚያ ቀን ሌላ ልጅ ማየት አልቻሉም፤ ሹራባቸውን ደርበው ወደ ልደታ ማርያም አቅጣጫ በእግራቸው ሲሄዱ አየኋቸው። እኔም ጨለማ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ፤ እዚያ ሰው አያይህም።

ዓመቱ ዞሮ ግንቦት ልደታ ሲደርስ ከሥራ ወጥቼ በእነ በላይነሽ ደጅ አለፍኩ። እንደ ወትሮው ብረት ድስቱ ተጥዷል፣ ሰው ተሰብስቧል። ትንሽ ፈንጠር ብለው እማማ ደስታ ሙቀጫ ፊታቸው አድርገው ይወቅጣሉ። ንፍሮውን ነው የሚወቅጡት። አጠገባቸው በላይነሽ ቆማ የተወቀጠውን በሳህን ትቀበልና ለትንንሾቹ ብቻ ታድላለች። አንዷ ጎረቤት፣ የእመቤቴን ንፍሮ መውቀጥ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው ብላ ስታጉረመርም እማማ ደስታ ቀና ሳይሉ "የእሷው ፈቃድ ነው፣ አርፈሽ ብዪ" አሏት። በላይነሽ ነግራቸው ይሁን፣ ራሳቸው ደርሰውበት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘነዘናውን እንዴት ጨብጠውት እንደነበር ግን አልረሳም።

የዚያን ዓመት ንፍሮ ግን ሁሉም ደጅ አልወቀጠውም። በማግስቱ በላይነሽ አንድ ባለሱቅ እየጎተተች ይዛ መጣች። ሰውየው ከስልጤ አገር መጥቶ እዚያው ሰፈር ሱቅ የከፈተ ነው። ትልቋ ልጁ ከጎረቤት ንፍሮ ተሰጥቷት፣ ትንሹ ከእጇ ቀምቶ ጎርሶ ትን ብሎት ነበር። ኋላ ዝም ስላለ አባትየው ተወው። በላይነሽ ግን ዘይት ልትገዛ ሄዳ ሳሉን ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ሱቁን አዘግታው መጣች እንጂ አልተወችውም። ሰውየው "እህቴ፣ ልጁ እኮ እየተጫወተ ነው" ይላል። እሷ "የእኔም ይጫወት ነበር" ትላለች።

ዶክተር ደረቱን አዩ፤ የግራው ጎን ዘገየ። "ታደሰ" አሉኝ፣ "ሁለት ፊልም። አንዱን ሲስብ፣ አንዱን ሲያስወጣ።" ሁለተኛው ፊልም የሚያስፈልገው፣ ቱቦው በከፊል የተደፈነ ሳንባ አየር እየገባለት መውጫ ስለሚያጣ ነው፤ ጉዱ የሚጋለጠው ልጁ ሲያስወጣ ነው። መመሪያውን አስታወስኳቸው። በዚሁ መሃል ጓድ በየነ ራሳቸው ከቢሯቸው ወጡ፤ ፊልም የሕዝብ ሀብት መሆኑን አሳሰቡ።

"ልጁስ የማን ነው?" አሏቸው ዶክተር። "ጓድ፣ ዓመቱን ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ ምክንያት አስተምረውናል። ዛሬ ምክንያቱን ልናይ ነው።"

ጓድ በየነ ልጁን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ተመልሰው ገቡና በራቸውን ዘጉ። ስለዚያ ፊልም ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ይህንን ውለታቸውን መመስከር ይገባኛል።

የመጀመሪያውን እንደለመድኩት አነሳሁ። ለሁለተኛው ዶክተር በመዳፋቸው የልጁን ሆድ ቀስ አድርገው ያዙ፤ እኔ የለቅሶውን መጨረሻ፣ ያችን ጭጭ የሚልባትን አፍታ ጠበቅሁ። ተጫንኩት። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ስንለጥፋቸው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በመጀመሪያው ምንም የለም። በሁለተኛው ቀኙ ሳንባ አስወጥቶ ሲያንስ ግራው እንደተነፋ ቀርቷል፤ ልብም ወደ ቀኝ ተገፍታለች። ዶክተር ፊልሞቹን ይዘው፣ አባትና ልጁን በታክሲ ጭነው፣ ራሳቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዱ። በላይነሽ የሱቁን ቁልፍ ተቀብላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ባለሱቁ ከቀናት በኋላ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ፤ ከልጁ ቱቦ የወጣውን ግማሽ ሽምብራም በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ዶክተር ሽምብራውን በባዶ የፔኒሲሊን ጠርሙስ ከተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። አዲስ ነርስ ወይም ጤና ረዳት ሲመደብልን ጠርሙሱን ያሳዩና "ይህ ጠበል ጠዲቅ ነው። እናት ምንም አልበላም ስትልህ ይህንን አልቆጠረችውም፤ አንተ ቁጠረው" ይሉታል።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ጎባም ጅማም ወርጄ ተመልሻለሁ፤ እንደ ዶክተር ጥሩወርቅ ያለ አለቃ ግን አልገጠመኝም። እሳቸውም አረፉ። ሰፈሩ ፈረሰ፤ በላይነሽ ወዴት እንደገባች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለእኔ ዕጣው በሚገርም አኳኋን እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ወጣልኝና በስተርጅና ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ተመለስኩ ማለት ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ልደታን ግቢው ውስጥ ከጎረቤቶቼ ጋር አከበርኩ። ሕንፃው መሃል ድስት ተጣደ፣ ወንበር ወጣ። አንዲት ወጣት እናት ከሁላችን ፈንጠር ብላ ሙቀጫ ይዛ ተቀምጣለች። ደነገጥኩና ጠጋ ብዬ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ለሕፃናት ነው ጋሼ። የልደታ ንፍሮ ለሕፃን ሳይወቀጥ አይሰጥም እኮ።"

"ለምን?"

"እንጃ፣ ሥርዓቱ ነዋ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ እዚህ ሰፈር ከጥንት ጀምሮ ነው።" ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎችም እንደሚፈቀድ ነገረችኝና በመዳፌ ላይ አንድ ማንኪያ አደረገችልኝ።

ታምራት የሚባል ልጅ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ወደ ልጇ ዞራ ነበር። ልጁ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ጎረቤት ከወዲያ ያጫውተዋል። የተወቀጠውን አጎረሰችው። እኔ ማንኪያ ሙሉ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ደረቱን አየሁ። ዋጠና ሳቀ።